ሽታው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሰም

የአበባ ሰም ስገዛ አብሮት የሚመጣው ወረቀት ላይ ሁሌም የምታበሳጨኝ አንድ መስመር አለች። «የመቅለጫ ነጥብ፦ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ» ትላለች። በቃ፣ አንድ ቁጥር። ለበረዶ አንድ ቁጥር ይበቃዋል። የአበባ ሰም ግን መጀመሪያ ይለሰልሳል። ከዚያ ጠርዙ ያብረቀርቃል። ከዚያ በማንኪያ ሲነካ ይላላል። የሚፈሰው መጨረሻ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ድረስ ቴርሞሜትሩ ብዙ ዲግሪ ይወጣል። ታዲያ ያቺ 60 የቷ ናት?

ሥራዬ የሽቶ ጥሬ ዕቃ መመርመር ነው። ቀኑን ከጋዝ ክሮማቶግራፍ ጋር እውላለሁ፤ ድብልቅን በቀጭን ቱቦ አሳልፎ ሞለኪውሎቹን የሚለይ ማሽን ነው። ከሥራ ውጪ ደግሞ ለራሴና ለወዳጆቼ የእጅና የከንፈር ቅባት እቀምማለሁ። ስለዚህ ይህን ሰም ስክሪን ላይም አውቀዋለሁ፣ ጣቴ ላይም አውቀዋለሁ። ሁለቱም ቦታ የሚነግረኝ አንድ ነው። የአበባ ሰም ጠባዩን የሚያገኘው በውስጡ ካለው ከየትኛውም አንድ ሞለኪውል አይደለም። ከድብልቁ ነው፤ ማን ከማን ጋር በምን ያህል መጠን እንደተቀላቀለ ነው ነገሩ። ይህን የማያሳይ ወረቀት ስለ ሰሙ ምንም አልነገረኝም ማለት ነው።

አመጣጡን ላስቀድም። ጃስሚን ወይም ጽጌረዳ ይለቀምና ሄክሴን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሄክሴን ቅባት ነክ የሆነውን ሁሉ ያሟሟል፤ መዓዛውንም፣ ቀለሙንም፣ ሰሙንም ጠራርጎ ይዞ ይወጣል። ቀጥሎ ሄክሴኑ በዝቅተኛ ግፊት ይተንና ይለያል። የሚቀረው የረጋ ቅባት በሙያው ኮንክሪት ይባላል፤ ከሲሚንቶው ጋር ዝምድና የለውም። ከ1000 ኪሎ የጃስሚን አበባ የሚገኘው ኮንክሪት 3 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው።

ኮንክሪቱ ደግሞ በሞቀ ኢታኖል ይታጠባል። መዓዛው በአልኮሉ ይሟሟል። ሰሙም በሙቀቱ ምክንያት ትንሽ አብሮ ይገባል። ድብልቁ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ግን ሰሙ ተመልሶ ይረጋል፣ ከዚያ ይጣራል። ከማጣሪያው ያለፈው አልኮል ሲተን አብሶሉት የሚባለው ውድ የሽቶ ጥሬ ዕቃ ይገኛል። ማጣሪያው ላይ የቀረው ነው የአበባ ሰም የሚባለው። ከጃስሚን ኮንክሪት ግማሽ ያህሉ ሰም ነው። በሚሞዛ ደግሞ የሰሙ ድርሻ ከግማሽ በእጅጉ ይበልጣል። ሽቶ ሠሪው የሚፈልገውን ወስዶ ሄዷል። ለእኔ ወሬው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

በእንፋሎት የሚወጣ የአበባ ዘይት ይህን ሰም አይሰጥም። እንፋሎት ከባዶቹን ሞለኪውሎች መሸከም አይችልም። ጽጌረዳ ግን ትንሽ ለየት ትላለች። ከሰሟ ውስጥ አጠር ያሉት፣ ባለ 19 እና ባለ 21 ካርቦኖቹ፣ ከእንፋሎቱ ጋር ያመልጣሉ። ንጹሕ የጽጌረዳ ዘይት ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ የሚረጋው በእነሱ ነው። ጠርሙሱን በብርሃን ስታዩት ስስ ክሪስታሎች ሲንሳፈፉ ታያላችሁ። «ዘይቱ ተበላሽቷል» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አይጠፋም። እጅህ ውስጥ ጨብጠው እለዋለሁ፤ ይቀልጣል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ጥቂት ሰም በሄክሴን አሟሙቼ ወደ ክሮማቶግራፉ ስልክ፣ ሞለኪውሎቹ እንደ ርዝመታቸው ተራ በተራ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ስክሪኑ ላይ አንድ ፒክ፣ ማለትም ሹል ጫፍ፣ ይሠራል። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው አልኬኖቹ ናቸው፤ ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ የሆኑ ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች። ባለ 27፣ ባለ 29፣ ባለ 31 ካርቦኖቹ ረጅም ሆነው ይቆማሉ። መካከላቸው ያሉት ባለ 28ና ባለ 30ዎቹ ግን ከመሬት ብዙም አይነሱም። አንድ አለፍ እያለ ጥርሱ የተሰበረ ማበጠሪያ ይመስላል።

ይህ ቅርጽ ደስ ይለኛል፤ የተክሉ ፊርማ ነው። ተክሉ ሰም መሥራት የሚጀምረው ከባለ 16 ወይም ከባለ 18 ካርቦን የስብ አሲድ ነው። በየዙሩ ሁለት ካርቦን ይጨምርበታል። 20፣ 22፣ 24 እያለ 30 ይደርሳል፣ ያልፋልም። ሁሌም ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው አሲዱን ወደ አልኮል ይቀይረዋል። በዚህ መንገድ ካርቦን አይጠፋም፤ ስለዚህ የሰሙ አልኮሎች ባለ 24፣ ባለ 26፣ ባለ 28 ናቸው። ሁለተኛው ወደ አልኬን ይወስደዋል። እዚህ አንድ ካርቦን ትቆረጣለች። 28 የነበረው 27፣ 30 የነበረው 29 ሆኖ ይወጣል። የአልኬኖቹ ጎዶሎ ቁጥር የሚመጣው ከዚህች ከአንዷ መቁረጫ ነው።

ጥቅምም አለው። ከነዳጅ የሚወጣ ፓራፊን እንዲህ ያለ ምርጫ አያውቅም። 26፣ 27፣ 28፣ 29፣ ሁሉም ቁመታቸው ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ አንድ አለፍ አይልም። የአበባ ሰም ተብሎ የመጣ ናሙና ውስጥ ባለ 28ቱና ባለ 30ው ድንገት ካደጉ፣ ሻጩ ፓራፊን ቀላቅሏል ማለት ነው። ለዚህ ረቀቅ ያለ ሒሳብ አያስፈልግም። ፒኮቹን በዓይን ማየት ብቻ ይበቃል። ሽታ፣ ቀለም፣ የመቅለጫ ቁጥር፣ ሁሉም ሊመሳሰል ይችላል። ይህን ግን ማስመሰል ከባድ ነው።

ከአልኬኖቹ ቀጥሎ ኤስተሮች አሉ፤ አንድ ረጅም አሲድና አንድ ረጅም አልኮል የተጣመሩባቸው። ካርቦናቸው ከ40 በላይ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙ ላብራቶሪ የክሮማቶግራፉን ሙቀት 300 ዲግሪ አካባቢ ያቆመዋል። ኤስተሮቹ በዚያ ሙቀት ከቱቦው ቶሎ አይወጡም። ሪፖርቱ ላይ «ሰሙ በአብዛኛው አልኬን ነው» ተብሎ ይጻፋል። በአብዛኛው አልኬን የሆነው ሰሙ ሳይሆን የወጣው ክፍል ነው። ሙቀቱን ለሚችል ቱቦ 350 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ስትሰጡት ከኋላ በኩል ሌላ ሰፈር ይከፈታል። ነጻ አልኮሎቹና ነጻ አሲዶቹም ራሳቸውን ችለው በደንብ አይወጡም። የሚጣበቀውን ጫፋቸውን በሲሊኮን ውህድ መሸፈን ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው።

ሌላም ብዙ ነገር አለ። ስቴሮሎች፣ ትራይተርፔኖች፣ ቢጫ የሚያደርጉት ካሮቲኖይዶች። በጃስሚን ሰም ውስጥ ፊቶልና አይሶፊቶል፣ ጥቂት ቤንዚል ቤንዞኤትም ይገኛሉ፤ ከአልኮሉ እጥበት ያመለጡ ናቸው። ሰሙ እስካሁን የሚሸተው በእነሱና በሌሎች ርዝራዦች ነው። ሽታው ከአብሶሉቱ የተለየ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ሻይ ሻይ የሚል። እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። አብሶሉቱ ይጮኻል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በሄክሴን የወጣ ሰም ሁሉ አበባው ላይ የነበረ ሰም አይደለም። አበባው ለረጅም ጊዜ ሲዘፈዘፍ ፈሳሹ ወደ ሴሎቹ ውስጥ ይገባል፤ የውስጡን ቅባትም ያመጣል። የላይኛውን ሰም ብቻ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አበባውን ክሎሮፎርም ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነክረው ያወጡታል። ስለዚህ በንግድ የሚሸጠው ሰምና የሳይንስ ጽሑፍ ላይ የምታነቡት ሰም አንድ ዓይነት ዝርዝር ባይኖራቸው አትገረሙ።

ግራ የሚያጋባ ሌላም አለ። የሱፍ አበባ ሰም ስሙ አበባ ይላል እንጂ ከአበባው ቅጠል አይመጣም። የሚመጣው ከፍሬው ቅርፊት ነው። የሱፍ ዘይት ሲቀዘቅዝ የሚያደፈርሰው ነገር ተጣርቶ የሚወጣ ነው። ከ74 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ በአብዛኛው ረጃጅም ኤስተር ነው። ግሩም ሰም ነው፤ በጥቂቱ ገብቶ ብዙ ዘይት ያረጋል። ግን በጃስሚን ሰም ፋንታ ተጠቅማችሁበት ቅባቱ ድርቅ ቢልባችሁ ጥፋቱ የሰሙ አይደለም።

አሁን ያቺን 60 እንያት። ንጹሕ የሆነ ባለ 19 ካርቦን አልኬን በ32 ዲግሪ ይቀልጣል። ባለ 21ዱ በ40፣ ባለ 23ቱ በ48፣ ባለ 25ቱ በ54፣ ባለ 27ቱ በ59፣ ባለ 29ኙ በ64፣ ባለ 31ዱ በ68 አካባቢ። ሁለት ካርቦን በተጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል። የጭማሪው መጠን ግን እያነሰ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ አንድ ሰም ውስጥ ሲገቡ ግን እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ለብቻው አይቀልጥም። አንድ ላይ ነው የሚረጉት። ረጅሙና አጭሩ ጎን ለጎን ሲተኙ ጫፎቹ እኩል አይሆኑም፤ ክሪስታሉ ውስጥ ክፍተት ይቀራል። በዚያ ላይ ስቴሮሉ፣ ቀለሙና የቀረው ዘይት መካከል እየገቡ ድርድሩን ያበላሻሉ። ሰሙ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። አንድ ንጹሕ አልኬን ብቻውን ስትይዙት ተሰባሪ ነው፤ ሲጫኑት ይፈረከሳል። ድብልቁ ግን ጣት ሥር ይታዘዛል።

ሙቀት የሚለካ ካሎሪሜትር ላይ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው። ንጹሕ ነገር ቀጭን ረጅም ፒክ ይሰጣል። የአበባ ሰም ግን ሰፊ ጉብታ ነው የሚያሳየው፤ ገና በክፍል ሙቀት አካባቢ መነሳት ይጀምርና 60 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል። አንዳንዴ ሁለት ጉብታ ይሆናል። ብዙዎቹ የአበባ ሰሞች ሙሉ ለሙሉ የሚፈሱት ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ለቅባት ሠሪ ግን ሙሉ ለሙሉ የሚፈስበት ሙቀት ዋናው ጉዳይ አይደለም። የቆዳችን ገጽ ሙቀት 33 ዲግሪ ገደማ ነው። ማወቅ የምፈልገው በ33 ዲግሪ ከሰሙ ምን ያህሉ ቀልጧል የሚለውን ነው። ሁለት ሰሞች ወረቀት ላይ እኩል 60 ተብለው፣ አንዱ ከንፈር ላይ ሲንሸራተት ሌላው ሊጎትት ይችላል። ልዩነቱ ከጉብታው ግራ ጎን ነው ያለው፤ ያንን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ማንም አይጽፈውም።

የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ይቀልጣል። በቁጥር ሲታይ ከአበባ ሰም ጋር ጎረቤት ነው። በጠባይ ግን አይገናኙም። የንብ ሰም አብዛኛው ኤስተር ነው፤ ሃይድሮካርቦኑ 14 ከመቶ ገደማ ነው። ከ10 ከመቶ በላይ ደግሞ ነጻ የስብ አሲድ አለው። የድሮዎቹ የፊት ክሬሞች የሚሠሩት በዚህ አሲድ ነበር። ቦራክስ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይፈጠራል፣ ያ ሳሙና ውሃውንና ዘይቱን ያስተቃቅፋል። ሃይድሮካርቦን በበዛበትና ነጻ አሲድ ባነሰበት የአበባ ሰም ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ውሃው ተመልሶ ይለያል። የንብ ሰም የሚል ቀመር ይዛችሁ ሰሙን ብቻ በጃስሚን ከመተካታችሁ በፊት የአሲድ ቁጥሩን፣ ማለትም ነጻ አሲዱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን፣ ጠይቁ። ይህች ቁጥር እንኳ ቢያንስ የሆነ ነገር ትናገራለች።

ውሃን በተመለከተ ደግሞ ሁሉም ሰም ውሃ ይጠላል፤ ይንሳፈፋል፣ አይሟሟም። ሆኖም ጽጌረዳ ላይ ያለችውን የውሃ ጠብታ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? ክብ ሆና ትቆማለች። ጠብታዋ ከአበባው ቅጠል ጋር የምትሠራው ማዕዘን ከ150 ዲግሪ ይበልጣል። ያው ሰም ቀልጦ ለጥ ባለ መስታወት ላይ ቢፈስ ግን ማዕዘኑ ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ኬሚስትሪው ያው ነው፤ የጠፋው ቅርጹ ነው። የጽጌረዳ ቅጠል በዓይን በማይታዩ ጉብታዎች የተሞላ ነው። በየጉብታው ላይ ደግሞ ይበልጥ ደቃቅ እጥፋቶች አሉ። ከሁሉም የሚገርመው ቅጠሉን ገልብጣችሁ ስትይዙት ጠብታዋ አትወድቅም። ውሃው ወደ ትልልቆቹ ስርጉዶች ይገባና ይያዛል፤ ወደ ደቃቆቹ እጥፋቶች ግን አይገባም። ይህ በ2008 እ.ኤ.አ. በጥናት ከታተመ ወዲህ የጽጌረዳ ቅጠል ውጤት እየተባለ ይጠራል። ቆርቆሮ ውስጥ የምንገዛው ሰም ይህን ሁሉ ተነጥቋል፤ ቅርጹ ሄዶ ኬሚስትሪው ብቻ ነው የቀረው።

ሰሙ ለአበባው ምን እንደሚሠራለት ሳነብ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ሰም ውሃ እንዳይተን ይከላከላል፤ ይህ ይታወቃል። ስለዚህ ሰሙ ሲሳሳ ሽታውም እንደ ልቡ ይወጣል ብዬ እገምት ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የፔቱኒያ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። የአበባው የሰም ሽፋን እንዲሳሳ ሲደረግ የሚወጣው ሽታ ቀነሰ። ሽፋኑ ለካ የሽታው መጋዘንም ነው፤ የሽታ ሞለኪውሎች እዚያ ይጠራቀማሉ። መጋዘኑ ሲጠብ ሴሎቹ ራሳቸው ምርቱን ይቀንሳሉ። ሽታና ሰም በሄክሴን ውስጥ አብረው የሚወጡት በአጋጣሚ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። መጀመሪያውኑ አብረው ነው የሚኖሩት።

አንድ ኦርኪድ ደግሞ ሰሙን ራሱን እንደ ሽታ ይጠቀምበታል። ኦፍሪስ ስፌጎዴስ ይባላል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በአበባው ላይ ያሉት ከ21 እስከ 29 ካርቦን ያላቸው አልኬኖችና ድርብ ቦንድ ያላቸው ዘመዶቻቸው፣ አንድሬና የተባለች የዱር ንብ ሴቷ በሰውነቷ ላይ ካላት ድብልቅ ጋር ይመሳሰላሉ። ወንዱ ንብ ሴት ያገኘ መስሎት አበባው ላይ ይወጣል። ሲሄድ የአበባውን ዱቄት ተሸክሞ ነው። ማር የለ፣ ምን የለ፣ በሰም ብቻ ተሸወደ። እነዚህ እኮ ማሽኑ ላይ «ሽታ የሌላቸው» ብለን የምናልፋቸው ሞለኪውሎች ናቸው። እዚህም ሥራውን የሚሠራው አንዱ ሞለኪውል ሳይሆን መጠኑ የተስተካከለው ድብልቅ ነው።

ለቅባት ለሚጠቀሙበት ጥቂት ልበል። በውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቀስ ብላችሁ አቅልጡት። ቀጥታ እሳት ላይ ከሆነ የቀረችው ሽታ መጀመሪያ ትሄዳለች። ቶሎ ስታቀዘቅዙት ክሪስታሎቹ ደቃቅ ሆነው ለስላሳ ይሆናል። ዝግ ብሎ ሲረጋ ግን አሸዋ አሸዋ ሊል ይችላል። ሰም ሲረጋ ይኮማተራል፤ ስለዚህ መካከሉ ላይ ጉድጓድ ብታዩ ላይ ላዩን መለስ ብላችሁ አሙቁት። ለከንፈር ቅባት የአበባ ሰም ብቻውን ይላላብኛል። ጠንከር ያለ ሰም እጨምርበታለሁ፤ ከ80 ዲግሪ በላይ የሚቀልጠው የካርናውባ ሰም በትንሹ ይበቃል። ሻማ ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን እኔ አልመክርም። ለእሳት የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ሲቀመጥ ቶሎ አይበላሽም። አልኬኖቹ ኦክስጅን የሚይዛቸው ቦታ የላቸውም። መጀመሪያ የሚሄደው ቀለሙ ነው፤ ካሮቲኖይድ ብርሃን አይችልም። መስኮት አጠገብ የተውኩት የጃስሚን ሰም ነጥቷል፣ አቀላለጡ ግን ያው ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የላቬንደር ሰም አለ። አረንጓዴ ነው፤ ክሎሮፊል አለበት። ላቬንደር የሚታጨደው ከነአገዳው ስለሆነ እዚህ ሰም ውስጥ የአበባው ድርሻ ስንት፣ የአገዳውና የቅጠሉ ስንት እንደሆነ መለየት አምሮኛል። አበባውን በእጅ ለቅሜ ለብቻው፣ አገዳውን ለብቻው ክሎሮፎርም ውስጥ ነክሬ ሁለቱን ከገዛሁት ጋር ጎን ለጎን አስኬዳቸዋለሁ። በዚህ ጊዜ እስከ 350 ዲግሪ።